የማሪሰል ስድስተኛው ቋንቋ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ልጄ ሺፍት ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩላት። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ልትጽፍ የማርከሩን ክዳን ነቀል ስታደርገው ያ ሽታ መጣ፤ አልኮልም ነዳጅም የሚመስል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቷ ሒሳብ ከተባለው አንድም ነገር አልሰማሁም። ልጅቷ "እማዬ፣ አር ዩ ኦኬ?" እያለች እጅጌዬን ትጎትተኛለች፤ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ መምህሯን ፈገግ ብዬ አያታለሁ። ልቤ ግን ድሮ ወደኖርኩበት የቶሮንቶ ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን ሄዶ፣ ከፎቆቹ በአንደኛው ምድር ቤት፣ መስኮት ከሌላት ክፍል ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። በመላ ከተማው መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ሻማ አብርቶ ካመሸበት ሰመር በኋላ ነው፤ ስልክ ሁሉ መስታወት ብቻ ከመሆኑ በፊት ነው። ያኔ ሰብዌይ የምንገባው በቶክን ነበር፤ ቶክን ማለት ከሸሚዝ አዝራር የማትበልጥ፣ ሳንቲም የምትመስል ነገር ናት፤ የኪስ ቀዳዳ ካገኘች አትምርም። አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች የአምስት ዶላር ካርድ ይገዛል፣ ጀርባው በጥፍር ይፋቃል፣ ያ ሁሉ ቁጥር ይመታል፤ መስመሩ ሲገባ ደግሞ "ሃሎ፣ ይሰማል? እኔን ይሰማኛል፣ እናንተንስ?" ሲባል ግማሹ ያልቃል። ሱቆቹም ትዝ ይሉኛል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የድራማው ካሴት፣ አዲስ የወጣው ሲዲ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው፤ በር ላይ ከተሰቀለው ስፒከር የሚወጣው ዘፈን እስከ ባስ ፌርማታው ድረስ ሰውን ይሸኛል። ልጃገረዶቹ ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ፣ ወንዶቹ የቆዳ ጃኬት ያዘወትሩ ነበር። እኔ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በስምንት ዶላር የገዛሁት፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚደርስ ወይን ጠጅ ካፖርት ነበረኝ። ልጄ "እማ፣ ብርድ ልብስ ለብሰሽ ነው የምትወጪው" ትለኛለች። ሞቆኛል፤ ሌላው አልገደደኝም።

አገር ቤት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ልጄ በስፖንሰር ስታመጣኝ ቶሮንቶ ውስጥ ያገኘሁት ሥራ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ፎጣ ማጠፍ ነው። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ክፍሉ ሞቃት ነው፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ሳቂታ ናቸው። ግን ዕድሜውን ጠመኔ ይዞ የኖረ እጅ ፎጣ ብቻ ሲያጥፍ ያሳክከዋል። አንድ ቀን በምንኖርበት ፎቅ ሊፍቱ አጠገብ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ከነዋሪዎች መሀል ቋንቋውን ለጎረቤት ማስተማር የሚፈልግ ካለ፣ በሳምንት አንድ ማታ ክፍል በነፃ ይሰጠዋል ይላል። በማግሥቱ ስሜን አስመዘገብኩ። ከጎኔ ባለው ክፍል አንድ ሽማግሌ ቤንጋሊ ያስተምሩ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የእሳቸው ተማሪዎች ሲስቁ የእኔዎቹ ዞር ይላሉ።

የመጀመሪያው ማታ ወንበር አልበቃም። እኔም እንደተማርኩት አስተማርኩ። የፊደል ገበታዬን ሰቀልኩ፣ በአርጩሜ ፈንታ በማስመሪያ እየጠቆምኩ "ሀ፣ ሁ፣ ሂ" አስባልኩ። በሁለተኛው ሳምንት "ለ፣ ሉ፣ ሊ" አልን። በረዶው መጣል ሲጀምር የሰው ቁጥርም እንደ ቀኑ ብርሃን እያጠረ ሄደ። ገና ደርሶ ከበዓሉ ስንመለስ ሦስት ሰዎች ብቻ ቀሩኝ።

አንደኛው ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ታክሲ ነጂ ነው። የእኛን ዘፈን ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ፣ ቃሉን ሳያዛንፍ የሚዘፍን፣ ትርጉሙን ግን የማያውቅ ሰው ነበር። "ዕድሜዬን ሙሉ ምን እየሰማሁ እንደማለቅስ ልወቅ ብዬ ነው የመጣሁት" አለኝ። ሁለተኛዋ ክሎዲን ናት፤ የኩቤክ ሰው፣ አፏን በፈረንሳይኛ የፈታች። ከአገራችን አንዲት ትንሽ ልጅ በጉዲፈቻ አምጥታለች። ልጅቷ ቀን ቀን በእንግሊዝኛ ስትንጫጫ ትውላለች፣ በእንቅልፏ ግን የምትናገረው በአማርኛ ነው። "እዚያ ሆና የምትለኝን ሰምቼ መመለስ እፈልጋለሁ" አለችኝ ክሎዲን። ይህን የነገረችኝ ጓንቷን እያወለቀች፣ እንደ ቀላል ነገር ነው።

ሦስተኛዋ ማሪሰል ናት። ፊሊፒናዊት፣ ደቃቃ፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ፤ በሀብታሞቹ ሰፈር አንዲት ጣሊያናዊ አሮጊት የምትጦር። ዳዊት ከሚባል የደሴ ልጅ ጋር ተጫጭታለች። ዳዊት ኤሌክትሪሻን ነው፣ ጨዋ ልጅ፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። እሱ ራሱ አማርኛ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተኳረፉ። እጮኛን ቋንቋ ማስተማር መኪና ከማስተማር አይተናነስም። ዳዊት ለእናቱ ለወይዘሮ ይመናሹ ስለ ማሪሰል በስልክ ሲነግራቸው ወይዘሮ ይመናሹ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ካርዱ ያለቀ መስሎት "እማዬ? እማዬ?" ሲል፣ "አለሁ። ግን እኔና ምራቴ በምን ልንነጋገር ነው? በምልክት?" አሉት። ከዚያ ወዲያ ስሟ ሲነሣ ወሬ ይለውጣሉ። ሠርጉ በረዶው ሲቀልጥ ሊሆን ነው፣ እሳቸውም ሊመጡ ነው፤ ምርቃታቸውን ግን አልሰጡም። ማሪሰል ይህን ሁሉ የነገረችኝ የመጀመሪያው ማታ ነው። "ቲቸር፣ እስከ ስፕሪንግ ስንት አማርኛ ይበቃል?" አለችኝ። እኔም "መጀመሪያ ፊደሉን እንጨርስ" አልኳት። እስከ ስፕሪንግ "ጸ" ላይም የምንደርስ አይመስልም ነበር።

ነገሩን የለወጠው "እርስዎ" ነው። አንድ ማታ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይህን ላስረዳ ላይ ታች እላለሁ፤ "ይህ አንተ ነው፣ ግን ለትልቅ ሰው። አንድ ሰው ነው፣ ግን እንደ ብዙ ነው።" ክሎዲን ወዲያው "ቩ" አለች፤ በፈረንሳይኛ ለከበረ ሰው እንዲያ ይባላል። ማሪሰል እስክሪብቶዋን እየነከሰች ቆየችና፣

"ቲቸር፣ እኛ 'ፖ' እንላለን" አለች።

"ፖ ምንድን ነው?"

"ለአያትህ ስትናገር ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፖ ትከታለህ። ካልከተትክ ነጠላ ጫማ ይወረወርብሃል። ለምሳሌ 'አመሰግናለሁ' ሳላማት ነው፤ ለትልቅ ሰው ግን ሳላማት ፖ።"

ኢድሪስ ከወንበሩ ቀና አለ። "ሰላማት? ሰላማትማ የእኛ ነው።"

"ሰላም ደግሞ የእኛ ነው" አልኩ እኔ።

ተያየን፤ ከዚያ ሳቅን። የጠፋበትን ዕቃ የሰው ቤት መደርደሪያ ላይ እንዳገኘ ሰው ዓይነት ሳቅ ነበር። ሳቁ ሲያባራ ማሪሰልን ስንት ቋንቋ እንደምታውቅ ጠየቅኋት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለመጠየቅ አስቤ አላውቅም ነበር። ትንሽ አፈረች፤ የምታውቀውን እንደ ዕውቀት ቆጥራው አታውቅም። ኢሎካኖ የእናቷ ቤት ነው። ታጋሎግና እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት። ካንቶኒዝ፣ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ከወጥ ቤቱ የለቀመችው። ጣሊያንኛ ደግሞ ትንሽ ትንሽ፣ "አሮጊቷ ሲኞራ የሚቆጡት በእሱ ስለሆነ።"

"ታዲያ ካንቶኒዙን በየትኛው መጽሐፍ ተማርሽው?"

"በመጽሐፍ አይደለም ቲቸር። ቋንቋ ከሰው ነው የምማረው። ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ሲኖርብኝ ጆሮዬ ይከፈታል።"

ያን ማታ ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወጣሁ፤ ማሰብ ስፈልግ እንዲህ አደርጋለሁ። ቶሮንቶ የመጣሁ ሰሞን የገባሁበት የእንግሊዝኛ ክፍል ትዝ አለኝ። መምህሯ ደግ ሴት ነበረች፣ ግን ከአጠገቤ ያለችውን ሐበሻ በአማርኛ አንድ ቃል ብጠይቃት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ጫማ በር ላይ እንደሚወለቅ እኛም ቋንቋችንን በር ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው። ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ደግሞ መሬቱ ስለሚቀዘቅዘው ሩቅ አይሄድም። የእኔዎቹም በሦስት ወር "ነ" ላይ የቆሙት ለዚህ ይሆን አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የፊደል ገበታዬን ጠቅልዬ ጥግ አስደገፍኩት። ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች በመስመር ከፈልኩ፤ በአንዱ አማርኛ፣ በሌላው ዓረብኛ፣ በሌላው ፈረንሳይኛ፣ በሌላው ታጋሎግ። ሕጉ ይህ ሆነ፤ እኔ አንድ ነገር ሳመጣ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ዘመዱን ይፈልጋሉ። ዘመድ ከሌለው "የለንም" ይላሉ፣ "የለንም" ማለትም ትምህርት ነው። በምላሹ እኔም ከእያንዳንዳቸው በየሳምንቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ልማር ቃል ገባሁ። ስንቱን ልጅ ያፋጠጥኩት ሴትዮ፣ የታጋሎጉን ዓረፍተ ነገር ተነሥቼ ስል ላብ አጠመቀኝ። ተማሪ ሲያፍር አንገቱ የሚቀላው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ዕድሜዬ ነው።

የዚያ ክረምት ጨዋታ ተነግሮ አያልቅም። "ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ ስብርባሪ" ብዬ ስጽፍ ኢድሪስ "በእኛ ከሰረ ነው" አለ፤ እኔ አንድ ነጋዴ የከሰረበት መሰለኝ። ግን ሦስቱ ፊደላት እንደ አጥንት መሆናቸውን፣ ሥጋው እንደሚለዋወጥ፣ ለእሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ የእሱም ቋንቋ እንዲያ ነው የተሠራው። ማሪሰልም "የእኛ ቃል ሆዱን ከፍቶ ሌላ ነገር ያስገባል" አለችና ሱላት ጽሕፈት ከሆነ ሱሙላት ጻፈ እንደሆነ አሳየችን። ክሎዲን ብቻ "የእኛው ጭራውን ብቻ ነው የሚያወዛውዘው" ብላ አዘነች። ደግሞ ግሡ መጨረሻ መምጣቱ አስመረራት፤ "ሰውየው ዳቦውን በላው ይሁን ጣለው ሳላውቅ እስከ ነጥቡ ልጠብቅ?" ትላለች። ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ኖሮ ቤንጋሊ የሚያስተምሩት ሽማግሌ በሩን አንኳኩተው አንገታቸውን አስገቡ። "የእኛም እንደዚያው ነው" አሉ፤ "ጨዋ ሰው እስኪጨርሱ ይጠብቃል።" ዘግተው ሄዱ።

ማሪሰልን ያስቸገራት "ጠ" ነው። ጠጅን "ተጅ"፣ ጥርስን "ትርስ" ታደርገዋለች፤ "ጤና ይስጥልኝ" ውስጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ያለ እሱ አማት ፊት አይቀረብም። ኢድሪስ በዓረብኛው ወፍራም "ጣ" ሊረዳት ሞከረ፤ አልሆነም። አንድ ማታ አንድ ነገር ጠየቅኋትና "ኦኦ" ብላ መለሰችልኝ፤ በእነሱ "አዎ" ማለት ነው። በሁለቱ ኦዎች መሀል ጉሮሮዋ ጥብቅ ብሎ ሲከፈት ሰማሁት። "ቆይ" አልኳት፤ "እዚያው ላይ፣ ጉሮሮሽ እንደተዘጋ፣ ተ በይ።" ሞከረች። ሳምንቱን ሙሉ ባስ ውስጥ፣ ሰብዌይ ውስጥ፣ ሲኞራዋ ቤት ሳህን እያጠበች ስትለማመድ፣ ሲኞራዋ የታነቀች መስሏቸው ውኃ አመጡላት። በሚቀጥለው ሳምንት በር ላይ ቆማ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ "ጤና ይስጥልኝ" አለችን። ኢድሪስ አጨበጨበ።

ቃል የምትይዝበትም ዘዴ ነበራት። አዲስ ቃል ስሰጣት ከራሷ ቃላት አንዱን ጓደኛ ታደርግለታለች። "ማታ" በእነሱ ዓይን ነው፤ ስለዚህ ማታ ማለት ዓይን የሚከደንበት ሰዓት ሆነላት። "ኢና" እናት ነው፤ ከእናት ጋር ወዲያው ተዛመዱ። "ቱታ" ግን ቡችላ ሆነና፣ ዳዊት ቱታ ለብሶ ጂም ልሄድ ነው ባለ ቁጥር ማሪሰል በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ዛሬም ሰው ቱታ ለብሶ ሳይ ጆሮና ጭራ ይታየኛል። ዛሬ የልጅ ልጄ ቋንቋ የምትማረው በስልክ ነው፤ አንዲት ሥዕል እያጨበጨበችላት በየቀኑ ነጥብ ትሰበስባለች። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን ሥዕሏ "እናንተ ቤትስ እንዴት ይባላል?" ብላ ስትጠይቃት አንድም ቀን አልሰማሁም።

ወይዘሮ ይመናሹ የመጡት በረዶው ጥግ ጥጉን ጠቁሮ ሲቀልጥ ነው። ኤርፖርት ዳዊት፣ ማሪሰልና እኔ ሄድን፤ እኔን ዳዊት የለመነኝ አስተርጓሚ እንድሆን ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸው ላይ የልጃቸውን ትልቅ ጃኬት ደርበው እንኳ ግርማቸው አልቀነሰም። ማሪሰል ዝቅ ብላ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለች፤ ሦስቱም "ጠ"ዎች በቦታቸው ወደቁ። ወይዘሮ ይመናሹ ፈገግ አሉ። "ጎሽ፣ አስጠንተዋታል" አሉኝ። ከዚያ በወሎ አማርኛቸው ስለ መንገዱ፣ ስለ አውሮፕላኑ ምግብ፣ ስለ ጉልበታቸው እንደ ጎርፍ ቀጠሉ። ማሪሰል አፏን ከፈት አድርጋ ዘጋች። መኪና ውስጥም፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ደርሰን ምሳ ስንበላም አንድ ቃል አልወጣትም። ወይዘሮ ይመናሹ ከአጠገቤ ተቀምጠው፣ እሷ ፊት፣ ስለ እሷ ያወሩኛል። "እሷ ደህና ልጅ ትመስላለች። ግን ቅጥነቷ። ፀጉሯስ፣ የፈረስ ጭራ አይመስልም? እሷ ትጸልያለች? እሷ ወጥ ታውቃለች?" እሷ፣ እሷ፣ እሷ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ባስ ውስጥ ማሪሰል ከጎኔ ተቀመጠች። እኔ ያን ሁሉ ወር ያቃጠልነው መስሎኝ ልቤ ከብዶ ነበር።

"ቲቸር፣ ገብቶኛል" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ሁሉም አይደለም። ግን ብዙው። ችግሩ ቃሉን አግኝቼ ግሡን መጨረሻ ላይ አድርጌ ስጨርስ፣ እሳቸው ሌላ ወሬ ላይ ደርሰዋል።"

"ግድ የለም። ጆሮ ከአፍ ይቀድማል፤ ሕፃንም እንደዚያ ነው። ነገ ነግሬያቸው ቀስ ብለው ያናግሩሻል።"

"አይሆንም" አለች ፈጥና። "እባክሽ ቲቸር፣ አትንገሪያቸው። እንደምሰማ ካወቁ ቃላቸውን አጥበው፣ ተኩሰው ነው የሚሰጡኝ። ሆንግ ኮንግ የተማርኩት እመቤቲቱ ለእኔ ከምትለው አይደለም፤ ለእህቷ ከምትለው ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።"

ሰውን ሳያውቅ ማዳመጥ ደስ አላለኝም። ግን ያቺ ልጅ ከእኔ በላይ ቋንቋ ለምዳለች፤ ዝም አልኩላት። ከዚያ በኋላ ሥራ ኦፍ በሆነች ቁጥር ፍሌሚንግደን ፓርክ ትሄዳለች። ዕቃ ታጥባለች፣ ልብስ ትተኩሳለች፣ ታዳምጣለች። ወይዘሮ ይመናሹ ደሴ ካሉት እህታቸው ጋር በካርድ ሲያወሩ፣ ከእኔ ጋር ሲጫወቱ፣ ከራሳቸውም ጋር ሲያጉረመርሙ። እኛ ክፍል ስትመጣ ደግሞ በወሎ ቅላጼ "እንዴት ነዎት" ማለት ጀምራ ክሎዲንን አስቀናቻት።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔና ወይዘሮ ይመናሹ ሶፋው ላይ ምስር እንለቅማለን። ማሪሰል ከበስተኋላችን የእሳቸውን የሠርግ ቀሚስ ትተኩሳለች። ዳዊት ሥራ ነው። ወይዘሮ ይመናሹ እጃቸውን ምስሩ ላይ አቆሙ።

"ጽጌ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አሉኝ። "ልጅቷን አልጠላኋትም። እጇ ሥራ ያውቃል፣ ልጄን ትወደዋለች፤ ዓይን አለኝ፣ አያለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የሞትኩ ዕለት ዳዊት ገብቶ 'እናቴ አረፈች' ይላታል። እሷ 'ሶሪ' ትለዋለች። በቃ፣ አለቀ። ሌላው ሰው ምራቱ ስሙን ጠርታ ታለቅስለታለች። ለእኔ ማን ያለቅስልኛል?"

ከበስተኋላችን የካውያው ትንፋሽ ሲቆም ሰማሁ። ማሪሰል ካውያውን አቁማ፣ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረግ አድርጋ፣ ከሶፋው ጀርባ ዞራ ፊታችን መጣች። ከንፈሯ ቃሉን ሲሰበስብ አየሁት። ግሡን እየፈለገች ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ሁሉ የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ልረዳት እንኳ አልቻልኩም።

"እኔ" አለች። ቆመች። "እኔ አለቅስልዎታለሁ።"

ከዚያ ያነሰ መሰላትና ጨመረችበት፤ "ግን አሁን አይሙቱ። ሠርግ አለ።"

ወይዘሮ ይመናሹ ምስሩን እንደያዙ ወደ እኔ ዞረው "ምን አለች?" አሉኝ።

"የሰሙትን ነው ያለችው።"

"ትሰማለች እንዴ?"

"ትንሽ ትንሽ" አለች ማሪሰል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከኤርፖርት ጀምሮ።"

ወይዘሮ ይመናሹ ያሉትን ሁሉ፣ ቀን በቀን፣ ከኤርፖርቱ ጀምሮ ሲቆጥሩ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ከዚያ በቀስታ፣ "እንግዲያ የፈረስ ጭራውንም ሰምተሻል?" አሉ።

ሰምተሻል አሉ። "ሰምታለች?" ብለው እኔን አልጠየቁም። የሰዋስው መምህር ነኝና እንዲህ ያለው አያመልጠኝም፤ ያ ሁሉ ቀን "እሷ" ስትባል የቆየችው ልጅ "አንቺ" ስትሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ማሪሰል ፀጉሯን ዳሰሰች። "ሰምቻለሁ። ፈረስ ቆንጆ ነው" አለች።

ወይዘሮ ይመናሹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። ቀጥሎ ግን ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ስለዚህ ሁለቱም ነበረበት። የምስሩን ትሪ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "ነይ እዚህ ተቀመጪ። ደግሞ ሌላ ምን እንዳልኩ ንገሪኝ፤ ይቅርታ የምጠይቅበትን ለይቼ ልወቀው" አሏት።

በሠርጉ ዕለት ምርቃቱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። በአዳራሹ ማይክ ይዘው፣ ቀስ አላሉም፣ ቃላቸውንም አላጠቡም፤ ማሪሰል አንገቷን ደፍታ በየመሀሉ "አሜን" ስትል አንድም ቦታ አልሳተችም። የእሷ ዘመዶች ማዶ ሆነው መቼ አሜን እንደሚባል ከእሷ አፍ ላይ ይቀበላሉ። ኢድሪስ ሲዘፈን ሲዘፍን አመሸ፤ አሁን የሚያለቅሰው አውቆ ነው። ክሎዲን ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ትንሿ ልጅ ወይዘሮ ይመናሹ እግር ሥር ቁጭ ብላ ምንም ሳትናገር ስታዳምጣቸው ዋለች፤ ክሎዲንም ከኋላ ቆማ ልጇን ስትመለከት።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አስተማርኩ፤ ከዚያ ክፍሏን ለጂም ዕቃ ፈለጓት። ኢድሪስ ካልጋሪ ሄደ። የክሎዲን ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት ይባላል። ቤንጋሊ የሚያስተምሩት ሽማግሌ አርፈዋል፤ ዳንፎርዝ ላይ ካሉት ሱቆችም አብዛኞቹ ስም ቀይረዋል፣ ሲዲ የሚሸጥ የለም። ከዚያ ዘመን ስንቱ እንደ ቶክኗ በቀዳዳ ሾልኮ እንደወደቀ አላውቅም። አንድ ቀን ግን ጥርት ብሎ ቀርቶኛል፤ ወይዘሮ ይመናሹ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ሰመሩ ሊያልቅ ነው። ዳዊት ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ ቆሎ ይዘን፣ ሸለቆውን የሞሉትን ዛፎች እናያለን። ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ በስንት ቋንቋ እንደሚሰዳደቡ እግዜር ይወቀው። ማሪሰል ወጥ ቤት ናት፤ በስልክ ከእናቷ ጋር እየሳቀች በኢሎካኖ ታወራለች። ወይዘሮ ይመናሹ ለብዙ ጊዜ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያን የማይገባቸውን ወሬ ሲያዳምጡ ቆዩ።

"ጽጌ" አሉኝ።

"አቤት።"

"አንቺ ከእነሱ ጥቂት ቃል ተምረሻል አሉ። በእሷ አገር ቋንቋ 'ልጄ' እንዴት ነው የሚባለው?"

አውቀው ነበር። ክፍል ውስጥ ተነሥቼ በላብ ከተጠመቅሁባቸው ዓረፍተ ነገሮች በአንዱ ውስጥ አለ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

"ተይው" አሉኝ። "ራሴ እጠይቃታለሁ።"

የበረንዳውን ብረት ይዘው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ። እኔ ቆሎዬን እንደያዝኩ፣ ሥራ የሌላት አስተማሪ ሆኜ በረንዳው ላይ ቀረሁ።